የታተመ የጣሳ ቆርቆሮ ላይ ቀለሙን ማንሳት፣ ቲኑ ሳይነሳ

ጠባሴ_መቀስ (ጠያቂ)

ሰላም ለቤቱ። ኅትመታቸው ተዛብቶ ከሥራ ውጭ የሆኑ የጣሳ ቆርቆሮዎች በእጄ አሉ፤ 60 ፍሬ ያህል፣ ገና ያልተጠቀለሉ ዝርግ ናቸው። ውፍረታቸው በካሊፐር 0.25 ሚሊ ሜትር ነው። በአንዱ ፊት ነጭ መደብ ላይ ቀይና አረንጓዴ ታትሞ ከላይ ቫርኒሽ ተቀብቷል። ጀርባው ወርቃማ ነው፣ ሥር ያለው ብረት በስሱ ይታያል።

ሥራው የንብ ማጨሻ፣ የእህል መስፈሪያና የውሃ መቅጃ ነው፤ ሁሉንም በስታኞ (በካዊያ እየቀለጠ ብረት በሚያያይዝ የቲን ቅልቅል) ለማያያዝ ነው የታሰበው። ቀለሙ ባለበት ግን ስታኞው አይይዝም፣ እንደ ጤዛ ድብልብል ብሎ ይንከባለላል። እስካሁን የተሞከረው ሦስት ነው። ቲነር ውስጥ ማሳደር፦ ቫርኒሹ ትንሽ ደብዘዝ አለ እንጂ ቀለሙ ንቅንቅ አላለም። በ220 ብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ፦ ወዲያው አበራ፣ በሁለተኛው ቀን ግን ቀይ ዝገት። ከሰል ላይ ማቃጠል፦ ቀለሙ ሄደ፣ ቆርቆሮው ግን አመድማ ሆኖ ተጣመመ፣ ስታኞም እምቢ አለው።

ኮስቲክ ሶዳ ያዋጣል ይባላል። ስንት በስንት? ምን ያህል ይቆያል? ወርቃማው ጀርባስ መነሳት አለበት? የምታውቁ ቁጥር ቁጥሩን ንገሩኝ፣ «ትንሽ ጨምርበት» የሚለውማ አላስኬደኝም።


ባሶና_ላሜራ

ሦስቱም የከሸፉበት ምክንያት አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ የቲኑን ስስነት ካለማወቅ። የጣሳ ቆርቆሮ ማለት በሁለቱም ፊት ቲን የተለበጠ ስስ ብረት ነው። የቲኑ መጠን የሚነገረው በካሬ ሜትር ስንት ግራም ተብሎ ነው። የተለመደው 2.8 ግራም ሲሆን ወደ ውፍረት ሲቀየር 0.38 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ገደማ ነው። ከባድ የሚባለው 11.2 ግራም እንኳ 1.5 ማይክሮን ነው። በላዩ ያለው ቀለም ደግሞ ከሥር መደቡ እስከ ቫርኒሹ 20 ማይክሮን አካባቢ ይደርሳል። ሥራው እንግዲህ 20ውን አንስቶ 0.38ቷን ማትረፍ ነው። የ220 ብርጭቆ ወረቀት አንድ ፍሬ 68 ማይክሮን ናት፤ አንድ ጊዜ ስታሳልፋት ቀለሙንም ቲኑንም ይዛ ሄዳለች። ያበራልህ ባዶ ብረት ነው፣ ስለዚህ ዛገ።

እሳቱም እንዲሁ። ቲን በ232 ዲግሪ ይቀልጣል። ከሰል ላይ ያለው ሙቀት ደግሞ ከዚያ እጅግ ይበልጣል፤ ቲኑ ቀልጦ ከብረቱ ጋር ተዋሐደና ሻካራ፣ ግራጫ ነገር ሆነ፣ የተረፈው በአየር ተቃጠለ። አመድማ ያልከው እሱ ነው። ደግሞ የድሮ ቢጫና ቀይ ቀለም የእርሳስና የክሮም ውህድ ሊኖርበት ስለሚችል ጭሱን መተንፈስ አይገባም። ቲነሩ ያልሠራው ቀለሙ ፋብሪካ ውስጥ ከ150 እስከ 200 ዲግሪ በሆነ ምድጃ ለደቂቃዎች ስለተጋገረ ነው። ተጋግሮ የተሳሰረ ቀለም በቲነር ቢነከር ያብጣል እንጂ አይሟሟም።

ኮስቲክ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። የውጭ ኅትመት በብዛት አልኪድ ወይም ፖሊስተር የሚባል ሙጫ ያለበት ቀለም ነው። ስብን ሳሙና የሚያደርገው ኬሚካል የእነዚህንም ማሰሪያ ይበጥሳል። መጠኑ ለ10 ሊትር ውሃ 800 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ነው። ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን፤ ኮስቲኩን ወደ ውሃው በጥቂት በጥቂቱ እያማሰልክ ጨምር። ውሃውን ኮስቲኩ ላይ ካፈሰስክ በአንዴ ፈልቶ ፊትህ ላይ ይረጫል። ሲሟሟ ራሱ ስለሚሞቅ የተወሰነውን ሙቀት ከዚያው ታገኛለህ። ከዚያ በእሳት ወደ 70–80 ዲግሪ አድርሰው፣ መንተክተክ የለበትም።

ዕቃው ብረት ወይም እስቴንለስ ይሁን። ለሁለት የተሰነጠቀ በርሜል ለዝርግ ቆርቆሮ ልክ ነው። አልሙኒየም ድስት ፈጽሞ አይሆንም፤ ኮስቲክ አልሙኒየምን እየበላ የሚነድ ጋዝ ያወጣል፣ ድስቱም ይበሳል። ማንጠልጠያህም ጥቁር ሽቦ ይሁን እንጂ ዚንክ የተቀባ አይሁን። ቆርቆሮዎቹ ተጣብቀው እንዳይቀሩ በመካከላቸው ሽቦ አጥፈህ አስገባ፤ ተደራርበው ከተነከሩ መካከላቸው ደረቅ እንደነበር ይወጣል።

አሥር ደቂቃ ላይ አንዱን አውጥተህ ተመልከት። መጀመሪያ ቫርኒሹና ሥዕሉ ደብዝዞ ይረግፋል፤ ነጩ መደብ ዘግይቶ እንደ ወተት ሰልባቦት ይሸበሸብና ከጫፍ መላቀቅ ይጀምራል። ያኔ አውጣው። እዚያው ተኝቶ ሙልጭ እስኪል አትጠብቅ፤ የቀረውን በናይለን ብሩሽና በሙቅ ውሃ አንሳው። ለግትሩ ቦታ የቀርከሃ ወይም የቀንድ መፋቂያ ተጠቀም። የብረት ሽቦና የእቃ ማጠቢያ ሽቦ አታቅርብበት።

ከዚያ በብዙ ውሃ አጥበህ፣ 10 ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ ብርጭቆ ኮምጣጤ ጨምረህ ለአንድ ደቂቃ ንከረው፣ እንደገና በንጹሕ ውሃ አጥበህ ያንኑ ሰዓት አድርቀው። እንደኛ አገር ጥቅምትና ኅዳር ውርጭ ባለበት ወቅት እርጥቡን ደጅ አሳድሮ «ዛገብኝ» ማለት የለም። የተቆረጠው ጠርዝ ምንጊዜም ባዶ ብረት ነውና ዝገት የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ጓንት እስከ ክርን የሚደርስ፣ መነጽር ከጎን የሚሸፍን። ቆዳ ላይ ከፈሰሰ ለ15 ደቂቃ ውሃ ብቻ አፍስስበት። ዓይን ከገባ ደግሞ ውሃ እያፈሰሱ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ። ዓይን ውስጥ ኮምጣጤ የሚያስገባ ካለ ይከልከል።


ሸዋሮቢት_ካዊያ

ባሶና ያለው ልክ ነው፣ ግን ከዚያ በፊት አንድ ጥያቄ፦ ለምን ሁሉንም ታነሳለህ? ቀለሙ እኮ ብረቱን ከዝገት የሚጠብቅ ከቲኑ የበለጠ ልባስ ነው። ስታኞ የሚያስፈልገው መጋጠሚያው ላይ ብቻ ነው። መደራረቢያህ 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ 8 ሚሊ ሜትር ማንሳት በቂ ነው። 60 ፍሬ ሙሉ በሙሉ ማንሳት ኮስቲክም፣ ከሰልም፣ ቲንም ማባከን ነው።

ለጠርዝ ብቻ ነከራ አያስፈልግም፣ ሊጥ ሥራ። አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ 100 ግራም ኮስቲክ አሟሟና እስኪበርድ ተው። ለብቻ ደግሞ ሦስት ሾርባ ማንኪያ ስታርች በትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠህ ወደ ኮስቲኩ እያማሰልክ ጨምር። ያለ እሳት በራሱ ይወፍራል፣ እንደ አጥሚት ይሆናል፤ ከቀጠነ አንድ ማንኪያ ድገም። የፉርኖ ዱቄትም ይሠራል፣ ብቻ ይጓጉላል። ከመስመሩ ወዲህ ያለውን በማሸጊያ ፕላስተር ሸፍነህ፣ ሊጡን 3 ሚሊ ሜትር አወፍረህ በዱላ ቀባው። እንዳይደርቅ በላዩ ፌስታል አልብሰው። ፀሐይ ላይ ከሆነ ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት፣ ጥላ ላይ ደብረ ብርሃን ከሆነ ከዚያም በላይ። ከደረቀ ሥራውን አቁሟል ማለት ነው፣ አንስተህ አዲስ ቀባ።

ሌላው ትልቁ ነገር ደግሞ ማጨሻው። የንብ ማጨሻ በስታኞ አይሠራም! ስታኞ 60 እጅ ቲን፣ 40 እጅ እርሳስ የሆነው 183 ዲግሪ ላይ መቅለጥ ይጀምራል፤ ውስጡ ኩበት ወይም ጨርቅ የሚነድ ዕቃ በመጀመሪያው ቀን ይፈታል። ማጨሻ በእጥፍ ነው የሚያያዘው፤ ሁለቱን ጠርዝ 5 ሚሊ ሜትር በተቃራኒ አጥፈህ አቆላልፈህ በእንጨት መዶሻ ደፍጥጠው፣ ታቹን በሪቬት አጥብቀው። መስፈሪያም ደረቅ እህል እንጂ ውሃ አይይዝምና እጥፉ ይበቃዋል። እንግዲህ ከሦስቱ ስታኞ በእርግጥ የሚፈልገው የውሃ መቅጃው ብቻ ነው።

ግን ማጨሻው እሳት የሚነካው ውስጡ ቀለምም ወርቃማውም ሊኖርበት አይገባም። የሚቃጠል ቀለም ጭስ ንብ ላይ መንፋት ምን ይባላል? ለእሱ ያልታተመ ቆርቆሮ ብትፈልግ ይሻልሃል።


ጠባሴ_መቀስ

ስለ ማጨሻው አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ ያን አላሰብኩትም ነበር። 5 በ5 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ በባሶና ልክ ተሞክሮ የወጣው ይህ ነው፦ ሥዕሉ በ12 ደቂቃ ሄደ፣ ነጩ በ25። ወርቃማው ጀርባ ግን ከ40 ደቂቃ በኋላም እንዳለ ነው። ሁለት ነገር ግራ አጋባኝ። አንደኛ፣ ኮስቲኩ ከረጢቱ ተከፍቶ የቆየ ነው፣ ጓጉሎ ነጭ ዱቄት ለብሷል፤ ኃይሉ ይኖር ይሆን? ሁለተኛ፣ ቁራጩ ጫፉ ከውሃው ወጣ ብሎ ነበርና የውሃው መስመር የነበረበት ቦታ ላይ ግራጫ ሰረዝ ቀርቷል፣ በጨርቅ አይለቅም።


ላብ_ቴክኒሻን

ግራጫው ሰረዝ ቲኑ የተበላበት ነው። ቲን በትኩስ ኮስቲክ ይሟሟል፣ ግን በፍጥነት ለመሟሟት ኦክስጅን ይፈልጋል። ፈሳሹ ውስጥ ጠልቆ ያለው ክፍል ኦክስጅን አያገኝም፤ አየርና ፈሳሽ የሚገናኙበት መስመር ላይ ግን ሁለቱም አሉ። አሮጌ ጣሳ ሰብስበው ቲን የሚያወጡ ፋብሪካዎችም የሚሠሩት በዚሁ ነው፤ ትኩስ ኮስቲክ ላይ ናይትሬት ይጨምሩና ቲኑን ሆነ ብለው ያሟሙታል። አንተ የምትፈልገው ተቃራኒውን ስለሆነ ሁሉም ይጥለቅ፤ ቢያንስ ሦስት ጣት ውሃ በላዩ ይኑር፣ እያወጣህ እየመለስክ አትጫወትበት፣ በኃይልም አታማስል። ሶዲየም ሰልፋይት ካገኘህ በ10 ሊትር 50 ግራም ጨምርበት፤ ፈሳሹ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይውጣል። የወተት ዕቃ ማጠቢያ ውስጥ ይህ የሚጨመረው የቲን ልባስ እንዳይበላ ነው። ሰልፋይት ነው ያልኩት፣ ሰልፌት አይደለም፤ ስማቸው ስለሚመሳሰል ሲገዛ ይጠንቀቁበት።

የጓጎለው ኮስቲክ ከአየር እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጠጥቶ ከፊሉ ወደ ካርቦኔት ተለውጧል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ቁንጥር በጥቂት ውሃ አሟሟ፣ እስኪበርድ ጠብቅ፣ ኮምጣጤ እስኪበዛበት ድረስ በጠብታ ጨምር። ደህና ኮስቲክ ጸጥ ይላል፤ ካርቦኔት የሆነው አረፋ ይደፍቃል። አረፋው ብዙ ከሆነ ያ ከረጢት ለቀለም አይሆንህም፣ ለእቃ ማጠቢያ ይሁን። ነጩ 25 ደቂቃ የፈጀብህም በከፊል በዚህ ይመስለኛል።

ሌላው ልብ የሚባለው ከፍታ ነው። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚያ የሚፈላው 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ሸዋሮቢት 1,280 አካባቢ ስለሆነ 96 ገደማ። ስለዚህ «አፍልቶ 10 ደቂቃ» የሚል ከቆላ ወይም ከባሕር ዳርቻ የመጣ መመሪያ ደጋ ላይ ይዘገያል። እንዲህ ያለ ሥራ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲወርድ ጊዜው በእጥፍ ይረዝማል ብለህ ያዝ። ቴርሞሜትር ከሌለህ ደብረ ብርሃን ላይ ከታች ትንንሽ አረፋ እየተነሳ ከላይ ገና ሳይገላበጥ ስታይ 80 አካባቢ ነህ። ከዚያ በላይ አትግፋው፤ እንፋሎቱ ራሱ ኮስቲክ ይዞ ይወጣል።

አሁን ወርቃማው። እሱ ከኅትመቱ ጋር ዘመድ አይደለም፤ በአብዛኛው ኢፖክሲ ፌኖሊክ የሚባል የምግብ ጣሳ የውስጥ ልባስ ነው። የተሠራውም አሲድም አልካሊም እንዳይበግረው ተብሎ ነው። ኮስቲክ ውስጥ ሁለት ሦስት ሰዓት ቢቆይ ሊላቀቅ ይችላል፣ ግን ልብ በል፦ የተላቀቀው ልባሱ ተሸንፎ ሳይሆን ሥሩ ያለው ቲን ተበልቶ ነው። ወርቃማው በቆዳው ሙሉ ተገፎ ሲወጣ ደስ ይላል፣ ሥሩ ግን ጥቁር ግራጫ ሆኖ ታገኘዋለህ።

ስለዚህ ምክሬ ወርቃማውን አትንካው። የውሃ መቅጃውን ወርቃማው ወደ ውስጥ፣ ኅትመቱ ወደ ውጭ አድርገህ ቅረጸው፤ ለምግብ የተሠራው ፊት ውሃውን ይነካል ማለት ነው። መጋጠሚያው ላይ ግን አንዱ ፊት ወርቃማ፣ አንዱ ኅትመት ሆኖ ይገናኛልና 8 ሚሊ ሜትሩ ላይ ወርቃማውም መነሳት አለበት። እዚያ ጋ ዲክሎሮሜቴን ያለበት የቀለም ማስለቀቂያ ነው የሚሠራው፤ 2 ሚሊ ሜትር ቀብተህ በፌስታል ሸፍነው፣ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ሲሸበሸብ በቀርከሃ አንሳ። ይህ ኬሚካል ግን ጨዋታ አይደለም። ባሕር ጠለል ላይ እንኳ 40 ዲግሪ ላይ ይፈላል፣ ደጋ ላይ ደግሞ ከዚያ ዝቅ ብሎ። እንፋሎቱ ከአየር ይከብዳልና ቤት ውስጥ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል። ሥራው ደጅ፣ ነፋስ ከጀርባህ ሆኖ ይሁን። የተለመደው የላቴክስ ጓንት በደቂቃዎች ውስጥ ያሳልፈዋል፤ አንድ ጠብታ ከነካው አውልቀህ ጣል።


ሸዋሮቢት_ካዊያ

ላብ ቴክኒሻኗ ያለችው ላይ አንድ ልጨምር፣ ማስለቀቂያ ላለመግዛት። መጋጠሚያውን በእጥፍ አቆላልፈህ ከዚያ ውጭውን ብቻ በስታኞ ብትዘጋው ወርቃማው ፊት አይነሳም። ኅትመቱ 8 ሚሊ ሜትር ከተነሳ ስታኞው የእጥፉን መስመር ከውጭ ይሞላዋል። ውስጡ ትንሽ ክፍተት ይቀርና ውሃ ይቋጥራል፣ እሱ ጉድለቱ ነው። ለውሃ መቅጃ ይሁን፣ ለወተት ግን አልመክርም፤ ክፍተቱ ውስጥ የቀረ ወተት ይኮመጥጣል፣ አይታጠብም።


ፌሮና_ባትሪ

የመኪና ባትሪ ወይም ቻርጀር ያለው ሰው ኮስቲክ ሳይነካ መሥራት ይችላል። የፕላስቲክ ባልዲ፣ 10 ሊትር ውሃ፣ 200 ግራም የልብስ ሶዳ፣ ማለትም ሶዲየም ካርቦኔት። ቆርቆሮውን ከኔጋቲቩ፣ አሮጌ ፌሮ ወይም የብረት ቁራጭ ከፖዘቲቩ ጋር አያይዝ፤ በመካከላቸው አንድ ጋት ይኑር፣ በምንም እንዳይነካኩ። 12 ቮልት ላይ ከ3 እስከ 5 አምፔር ሲሄድ ቆርቆሮው ላይ ጋዝ ይፈላል። ጋዙ በቀለሙ ሥር ገብቶ ከብረቱ እያላቀቀ ያነሳዋል። ጥሩ ነገሩ ቆርቆሮው ኔጋቲቩ ላይ እስካለ ድረስ ቲኑ አለመሟሟቱ ነው።

የሚያበላሸው ሦስት ነው። አንድ፣ ሽቦውን ማገላበጥ። ቆርቆሮው ፖዘቲቭ ላይ ከዋለ ቲኑ ይሄዳል፣ ብረቱም ይከተላል። ኃይል ከመስጠትህ በፊት በጣት እየነካህ ቁጠር። ሁለት፣ እስቴንለስ በፖዘቲቩ መጠቀም፤ ውሃው ቢጫ እየሆነ ከመጣ መርዛማ ክሮም እየወጣ ነው ማለት ነው። ፌሮ ይሁን፣ ፌሮው እየዛገ ስለሚያልቅ በየጊዜው ፋቀው። ሦስት፣ ጭረት የሌለው ቀለም። ቀለም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍምና ሙሉ የሆነ ኅትመት ላይ ምንም አይፈላም። በሚነሳው መስመር ላይ በመርፌ ጫፍ በየግማሽ ሴንቲ ሜትሩ መስቀለኛ ጭረት አውጣበት፤ ከጭረቱ ጀምሮ እየሰፋ ይሄዳል። የተቆረጠው ጠርዝም መግቢያ ነው፣ ለዚህ ነው ለመጋጠሚያ ጠርዝ የሚመቸው። ከ20 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ጋዙ ሃይድሮጅን ነውና ደጅ፤ ሲጋራና ከሰል ይራቅ፣ ቻርጀሩን ሳታጠፋ መያዣውን አትንቀል፤ ብልጭታው ይበቃል።


ባሶና_ላሜራ

ጥቂት ማሳረፊያ ነገር፣ ስለ ብየዳው።

ቀለሙን ካነሳህ በኋላም ስታኞ እምቢ ካለ ሁልጊዜ ጥፋቱ ያንተ አይደለም። አንዳንዱ የጣሳ ቆርቆሮ ከነጭራሹ ቲን የለውም፤ በቲን ፋንታ እጅግ ስስ ክሮም የተለበጠ ነው፣ በተለይ የጠርሙስ ቆርኪና የጣሳ ክዳን ላይ ይበዛል። መልኩ ወደ ሰማያዊ ያደላ ጠቆር ያለ ነው። ክሮሙ ላይ ስታኞ አይይዝም። ስለዚህ 60ውን ፍሬ ከመጀመርህ በፊት ከየእሽጉ ሁለት ሴንቲ ሜትር አንስተህ ዚንክ ክሎራይድ (ስታኞ እንዲይዝ ብረቱን የሚያጸዳ) ቀባና በካዊያ አንድ ጠብታ ስታኞ አሳርፍበት። ቲን ካለ ጠብታው ወዲያው ጠፍጠፍ ብሎ ይዘረጋል፤ ክሮም ከሆነ እንዳልከው እንደ ጤዛ ይቆማል። ያን እሽግ በእጥፍና በሪቬት ለሚሠራው መስፈሪያ መድበው።

ቀለሙ በእርግጥ መነሳቱን በዓይን ብቻ አትመን፤ ቀለም የሌለው ግልጽ ልባስ ሥሩ ሊቀር ይችላል። መልቲሜትሩን ድምፅ ላይ አድርገህ ሁለቱን ጫፎች ሳትጫን አሳርፋቸው። ከጮኸ ባዶ ነው። ዝም ካለ ልባስ አለ። ጫን ካልክ ጫፉ ልባሱን ወግቶ ይዋሽሃል። ቲኑ መትረፉን ለማወቅ ደግሞ አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አንድ ሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙተህ፣ ሶፍት ነክረህ ቁራጩ ላይ አልብሰህ አሳድረው። ጠዋት ሶፍቱ ላይ ቀይ ነጠብጣብ እዚህም እዚያም ከታየ ያለ ነው፤ ሙሉ ፊቱ ከቀላ ግን ቲኑ ሄዷል፣ የነከራ ጊዜህን አሳጥር።

ለውሃ መቅጃ እርሳስ ያለበትን ስታኞ አትጠቀም። 99.3 እጅ ቲን፣ 0.7 እጅ መዳብ የሆነው አለ፤ 227 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ልባሱ ቲን ደግሞ 232 ላይ ስለሆነ ልዩነቱ አምስት ዲግሪ ብቻ ናት። ካዊያህ ከባድ ጫፍ ያለው ይሁን፣ ግን አንድ ቦታ አታቆመው፤ እያንሸራተትክ ሂድ። ቆመህ ከጠበቅክ ጀርባ ያለው ወርቃማ ልባስ ቡኒ ሆኖ ይነሳል። ሲያልቅ ዚንክ ክሎራይዱን በቤኪንግ ሶዳ ውሃ አጥበህ አውጣው፤ የተረፈው ጠብታ በሳምንት ውስጥ መጋጠሚያውን ዙሪያውን ያዝገዋል።


ጠባሴ_መቀስ

ገባኝ። ሙሉ ነከራውን ትቼ በሊጡ ጠርዝ ጠርዙን ነው የምሄደው፤ መስፈሪያው በእጥፍ፣ መቅጃው በውጭ ስታኞ። የቀረችው ጥያቄ፦ ለሙከራ የተበጠበጠው 10 ሊትር ኮስቲክ የት ይደፋ? ሠፈሩ ያለው ቦይ ወደ በሬሳ ወንዝ ይወርዳል።


ላብ_ቴክኒሻን

ቦይ ውስጥ አይገባም። በሬሳ ላይ ከብት ይጠጣል፣ ልብስም ይታጠባል። በኮምጣጤ ገድሎ ማፍሰስ የሚሉ አሉ፣ ግን አስላው፦ 800 ግራም ኮስቲክ ለመግደል 24 ሊትር ገደማ ባለ 5 እጅ ኮምጣጤ ይፈልጋል። ከዚያም በኋላ የቀለሙ ዝቃጭ አለ።

ገና አንድ ቁራጭ ብቻ ነው ያየው፣ ስለዚህ አትድፋው። ሲበርድ በጨርቅ አጥልለህ ወፍራም የፕላስቲክ ጄሪካን ውስጥ አስገባ። ብርጭቆ አይሁን፣ የዘይት ወይም የውሃ ጽሑፍ ያለበት ጄሪካንም አይሁን፤ በቀለም «ኮስቲክ» ብለህ በአራቱም ፊት ጻፍና ልጅ የማይደርስበት ቆልፍ። ሊጡንም ከእሱው መሥራት ትችላለህ፤ ጥንካሬው ሸዋሮቢት ካለህ 100 ግራም በሊትር ብዙ አይርቅም፣ ስታርቹን ብቻ ጨምር። ጨርቁ ላይ የቀረውን ቅርፊት ደግሞ ሳታጥበው አድርቀህ፣ በፌስታል ቋጥረህ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ስጥ።